ካርታና የቦታ ስም በኮርንዎል



በጽሕፈት ቤት የምትውሉ ሁሉ እንደምታውቁት፥ አንድ ስም በመዝገብ የሚገባው ባለስሙ እንዳለው ሳይሆን ጸሐፊው እንደ ሰማው ነው። የዛሬው ንግግራችን በዚህ መንገድ ስለ ተጻፈ አገር ነው። አገሩ ኮርንዎል ይባላል፤ ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ተነሥቶ እንደ ቀንድ እየሾለ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ የገባ ልሳነ ምድር ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአገሩ ስም ራሱ የሁለት ወገን ሥራ ነው። በአገሩ ቋንቋ ስሙ ከርኖው ነው፤ ሊቃውንትም ይህን ቀንድ ከሚለው ቃል ጋር ያዛምዱታል። እንግሊዞች ግን በላዩ «ዌአላስ» የሚል ቃል ቀጠሉበት፤ ትርጓሜው ባዕዳን ማለት ነው። ዌልስም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው። እንግዲህ ባለአገሮቹ በገዛ ምድራቸው ተቀምጠው ባዕዳን ተባሉ።

ከእንግሊዝ የተለየን ሕዝብ ነን የሚሉ የኮርንዎል ሰዎች ክርክር ሲነሣ ብዙ ጊዜ አሮጌ ካርታ ያቀርባሉ። በሄርፎርድ ካቴድራል የሚገኘው፥ በ1300 ዓ.ም. ገደማ በብራና የተሣለው የዓለም ካርታ ኮርኑቢያ የሚለውን ስም ይዟል፤ ሰባስቲያን ሙንስተርም በ1540 ባወጣው ካርታ ይህንኑ ስም ጽፎአል። ማስረጃው ደስ ያሰኛል፤ ለእኔ ግን ቀጭን መስሎ ይታየኛል። የሄርፎርዱ ሠዓሊ ኢየሩሳሌምን በዓለም መካከል ያኖረ፥ ማንም በዐይኑ ያላየውን አስፈሪ ፍጡር የሣለ ሰው ነው፤ ወሰን ለመለካት አልተቀመጠም። ደግሞም የእንግሊዝ ንጉሥ በ1086 የግዛቱን መሬት ሲያስመዘግብ ኮርንዎል ከአውራጃዎቹ እንደ አንዱ ተቆጥሮ ነበር፤ ክሪስቶፈር ሳክስተን በ1576 የሣለውም እንዲሁ እንደ አንድ የእንግሊዝ አውራጃ ነው። በካርታ የሚሟገት ሰው በካርታ ሊረታ ይችላል።

ይልቁንስ የጸና ምስክር የሚገኘው በትንንሾቹ ስሞች ላይ ነው። ንጉሥ አትልስታን በ936 ገደማ የታማርን ወንዝ ወሰን እንዳደረገው ይነገራል። ይህን ወንዝ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተሻገረ ሰው ካርታውን ቢዘረጋ የመንደሩ ስም ሁሉ ይለወጥበታል፤ መንደርን የሚያመለክተው ትሬ፥ ኩሬን የሚያመለክተው ፖል፥ ራስን ወይም ጫፍን የሚያመለክተው ፔን በያለበት ይገጥመዋል። የኮርንዎል ሰው በእነዚህ ሦስት ቃላት እንደሚታወቅ ሪቻርድ ካሩ በ1602 ባሳተመው መጽሐፍ አመልክቶአል። እውነቱን ለመናገር በሰሜን ምሥራቅ በኩል፥ በስትራተን አካባቢ፥ ከወንዙ ወዲህም የእንግሊዝኛ ስም ይበዛል። ነገር ግን ይህን ሁሉ ስም ያወጣው ንጉሥ ወይም ሠዓሊ አይደለም፤ እዚያው ሲያርስ የኖረ ሰው ነው።

ጆኤል ጋስኮይን በ1699 በ12 ቅጠል የታተመ ካርታ ሠርቶ እነዚህን መንደሮች በብዛት ሲያስገባ፥ ስሞቹን ያወጣው ቋንቋ፥ ኮርንኛ፥ ወደ ምዕራቡ ጫፍ ተገፍቶ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ብዙዎች የመጨረሻዋ ተናጋሪ የሚሏት ዶሊ ፔንትሪዝ በ1777 ሞተች። ከዚያ ወዲያ ስሞቹን የሚጽፈው ትርጓሜያቸውን የማያውቅ ሰው ሆነ። ሬድሩዝ የምትባለውን ከተማ ተመልከቱ። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው «ሬድ» የሚለውን ሲሰማ ቀይ ማለት ነው ብሎ ያልፋል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ በኮርንኛ መጀመሪያው ክፍል የወንዝ መሻገሪያ ማለት ሲሆን፥ ቀይ የሚለው ኋለኛው «ሩዝ» ነው። የአገሩ ከፍተኛ ኮረብታም፥ 420 ሜትር ያለው፥ ብራውን ዊሊ እየተባለ መሣቂያ ሆኖአል፤ በኮርንኛ ግን ብሮን ዌኒሊ፥ የጨረባዎች ኮረብታ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ባሕር የከበበው የቅዱስ ሚካኤል ተራራ ነው። ካሩ የመዘገበው የኮርንኛ ስሙ «በዱር ውስጥ ያለ ግራጫ አለት» የሚል ትርጓሜ አለው። ባሕሩ እጅግ ሲሸሽ ከሺህ ዓመታት በፊት የሰጠመ የጥንት ደን ጉቶ በዚያ ይታያል። ስሙ የዚያ ደን ትዝታ ነው ይባላል፤ እኔ ግን እጠራጠራለሁ፤ የጥንት ዓሣ አጥማጆች እንደ ዛሬው ሰው ጉቶውን አይተው ስሙን አውጥተውት ይሆናል። ይህም ቢሆን ክብሩን አይቀንሰውም።

ሄንሪ ጄነር በ1904 የኮርንኛ መማሪያ ካሳተመ ወዲህ ቋንቋው እንደገና መነገር ጀመረ፤ በ2002 የብሪታንያ መንግሥት ቋንቋውን፥ በ2014 ደግሞ ሕዝቡን እንደ አንድ አናሳ ብሔር ዐወቀ። አውራጃው በ2009 የጀመረው ሥርዐት አሮጌ የመንገድ ሰሌዳ ሲለወጥ በሁለት ቋንቋ እንዲጻፍ የሚያዝ ነው። ችግሩ ብዙው መንገድ ከመጀመሪያው የኮርንኛ ስም ያልነበረው መሆኑ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ከእንግሊዝኛው ተተርጉሞ ይሰጠዋል። ይህ እንኳ መመለስ ሳይሆን አዲስ መሰየም ነው። ሬድሩዝን ግን መተርጐም አላስፈለገም፤ ሬስሩዝ ብሎ ፊደሉን ማቃናት ብቻ በቃ።