ሶንግ፦ የደማቅ ከዋክብት ንዝረት ምልከታ መረብ

ሶንግ የደማቅ ከዋክብትን ንዝረት ያለማቋረጥ ለመከታተል የታቀደ፣ በተለያዩ አህጉራት የሚተከሉና ከርቀት የሚታዘዙ ቴሌስኮፖች መረብ ነው። ውጥኑ የዴንማርክ ሲሆን ኦርሁስና ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲዎች አስጀምረውታል። የመጀመሪያው ቴሌስኮፕ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሲሆን በዴንማርካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ በአይናር ሄርትስፕሩንግ ስም ተሰይሞ በ2014 እ.ኤ.አ. በስፔኗ ቴኔሪፍ ደሴት ተመርቋል። ቻይናና አውስትራሊያም በመረቡ ውስጥ አሉ።

መረብ ያስፈለገው ከንዝረቱ ጠባይ የተነሣ ነው። በኮከብ ውስጥ የሚመላለሰው የድምፅ ሞገድ የኮከቡን ገጽ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል፤ በፀሐይ ላይ አንዱ ዙር 5 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ተቀራራቢ ድግግሞሾችን ለመለየት ረጅም ምልከታ ያሻል። አንድ ጣቢያ ብቻ ቢሆን ግን ንጋት በየዕለቱ ያቋርጠዋል፤ ክፍተቱም በስሌቱ ላይ የሌለ ንዝረት እንዳለ ያስመስላል። በ2009 የመጠቀው የጠፈር ቴሌስኮፕ ኬፕለር ከምድር መዓልትና ሌሊት ነጻ ሆኖ ይህን ሥራ ስለሠራ የምድር መረብ ትርፍ ነው ሊባል ይችላል። ይሁንና ኬፕለር የለካው የብርሃን መጠንን ነው፤ በዚህ ልኬት የኮከቡ ገጽ መንተክተክ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያላቸውን ንዝረቶች ይሸፍናል። ሶንግ በአንጻሩ ብርሃኑን በትኖ በአዮዲን ጋዝ መለኪያነት የገጹን ፍጥነት ያነባል፤ በፍጥነት ልኬት ሁከቱ እጅግ ያነሰ ነው። ዋጋው ግን አለ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ኮከብ ብቻ፣ ያውም ደማቅ መሆን አለበት። የቴኔሪፉ ቴሌስኮፕ ብቻውን በ2014 እና በ2015 ለ215 ሌሊቶች ሚው ሄርኩሊስ የተባለውን ኮከብ ተከታትሎ 49 የንዝረት ዓይነቶችን ለይቷል።