የመብራት ጎተራ፦ የጆርጂያ ባትሪዎችና ዋጋቸው

ኤሌክትሪክ እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ የሚከርም ነገር አይደለም፤ በመነጨበት ቅጽበት ሥራ ላይ መዋል አለበት። ባደግንበት አገር ጎተራው ግድቡ ነው፤ የክረምቱ ውኃ ለበጋ ይጠበቃል። በ2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ይህ የወራት ስንቅ ነው። እዚህ ጆርጂያ በመተከል ላይ ያሉት ባትሪዎች ስንቅ ግን የሚቆጠረው በሰዓት ነው።

ጆርጂያ ፓወር በታልበት አውራጃ ያቋቋመው ሞሲ ብራንች የተባለ ማከማቻ በ2024 ሥራ ጀመረ። አቅሙ 65 ሜጋዋት ሲሆን ሙሉ ኃይሉን ለአራት ሰዓት ይሰጣል፤ ማለትም 260 ሜጋዋት ሰዓት። በዚያው ዓመት የክፍለ ግዛቱ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ሌላ 500 ሜጋዋት ባትሪ እንዲጨመር ፈቀደ። ከእነዚህ ትልቁ፣ 265 ሜጋዋቱ፣ ከአትላንታ በስተሰሜን ለቼሮኪ አውራጃ የታቀደው ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱን መለኪያዎች መለየት ይገባል። ሜጋዋት የቧንቧው ስፋት፣ ሜጋዋት ሰዓት የበርሜሉ መጠን ነው። ጋዜጦች አብዛኛውን ጊዜ የሚነግሩን ስለ ቧንቧው ብቻ ስለሆነ «ለስንት ሰዓት?» ብሎ መጠየቅ የአንባቢው ፈንታ ነው።

ብሉምበርግ ኒው ኢነርጂ ፋይናንስ እንደሚለው፣ በ2010 የሊቲየም ባትሪ በኪሎዋት ሰዓት ከ1,000 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር፤ በ2025 ለማከማቻ የሚውለው በአማካይ ወደ 70 ዶላር ወረደ። ይህ ግን የባትሪው ዋጋ ብቻ ነው። ኢንቨርተሩ፣ ትራንስፎርመሩ፣ መሬቱ፣ የሠራተኛው ጉልበትና የእሳት መከላከያው ይጨመርበታል። የእሳቱን ነገር በጥር 2025 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞስ ላንዲንግ ላይ የደረሰው ቃጠሎ አሳይቷል።

ለስሌት ያህል ሁሉም ተጠቃሎ በኪሎዋት ሰዓት 300 ዶላር ወጣ፣ ባትሪውም 15 ዓመት አገለገለ እንበል። በዓመት 300 ጊዜ ተሞልቶ ቢለቀቅ፣ በ4,500 ዙር ሲካፈል ኪሎዋት ሰዓቷ 7 ሳንቲም ገደማ ትመጣለች። በዓመት 50 ጊዜ ብቻ ከሆነ ግን 40 ሳንቲም! ወለዱ፣ መሙያው መብራትና በመሙላትና በመልቀቅ መካከል የሚባክነው ኃይል ገና አልተቆጠረም። ባትሪን ርካሽ የሚያደርገው የፋብሪካ ዋጋው ብቻ ሳይሆን የሥራው ብዛት ነው።

ታዲያ አልፎ አልፎ ብቻ የሚሠራ ባትሪ ለምን ይተከላል? በታኅሣሥ 2022 ዓ.ም. ብርዱ ሲበረታ የጎረቤት ክፍለ ግዛቶች ኩባንያዎች መብራት በፈረቃ እስከ ማጥፋት ደርሰዋል። በዓመት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ለሚያስፈልግ የጋዝ ተርባይን ገንዘብ ከማፍሰስ ባትሪው ይሻል ይሆናል፤ በቀሩት ቀናትም የቀኑን የፀሐይ ኃይል ወደ ምሽት ያሻግራል። ይሁንና ብርዱ ሦስት ቀን ከቆየ አራት ሰዓት ምን ያህል ያስኬዳል? በዚህ በኩል ሮም ከተማ አጠገብ ከ1995 ጀምሮ ውኃን ወደ ተራራ እየገፋ መልሶ የሚያወርደው የሮኪ ማውንቴን ጣቢያ ጎተራው ይበልጥ ይሰፋል፤ እንዲህ ያለ ተራራ ግን በየቦታው አይገኝም።

ቴክሳስ ውስጥ የባትሪ ባለቤት በርካሽ ሰዓት ገዝቶ በውድ ሰዓት ይሸጣል፤ ካልቀናው ኪሳራው የራሱ ነው። ጆርጂያ ውስጥ እንዲህ ያለ ገበያ የለም። ኮሚሽኑ ያጸደቀው ወጪ ከተፈቀደ ትርፍ ጋር በደንበኛው ሂሳብ ላይ ይታሰባል፤ ባትሪው በዓመት 300 ጊዜም ሠራ 50 ጊዜ፣ ክላርክስተን ያለው ተከራይ ድርሻውን ይከፍላል። ስለዚህ የኮሚሽነሮቹ ምርጫ ለኛም ቀላል ጉዳይ አይደለም። በኅዳር 2025 መራጮች ሁለት ነባር ኮሚሽነሮችን ከወንበራቸው ያነሱት የመብራት ዋጋ ዋና መከራከሪያ በነበረበት ምርጫ ነው።

ፍላጎቱን የሚያንረው በዋናነት የመረጃ ማዕከላት መብዛት ነው። በጥር 2025 ኮሚሽኑ ያወጣው ደንብ ከ100 ሜጋዋት በላይ ከሚወስዱ አዳዲስ ደንበኞች ጋር የተለየ ውል ለመዋዋል ይፈቅዳል፤ ለእነሱ ሲባል የሚወጣው ወጪ ወደ ቤተሰብ ሂሳብ እንዳይዞር በሚል። ባትሪዎቹ ከየትኛው ሂሳብ እንደሚከፈሉ የሚታየው እነዚህ ውሎች ሲፈጸሙ ነው።