ሶዳው በልክ፣ ውሃው በምርጫ፦ ከአንድ ሳሙና በስተጀርባ ያለ የልኬት ታሪክ

በቤቱ ያለ እሳት ሳሙና የሚሠራ ሰው ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጉታል። የመጀመሪያው ዘይቱን ወደ ሳሙና የሚለውጠው የኮስቲክ ሶዳ መጠን ነው፤ ሁለተኛው ሶዳውን የሚያሟሟው የውሃ መጠን። ለ1,000 ግራም የወይራ ዘይት 135 ግራም ገደማ ሶዳ ይበቃል፤ ለዚያው ያህል የኮኮናት ዘይት ግን 183 ግራም ገደማ ያስፈልጋል። እነዚህን ቁጥሮች ዛሬ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ያገኛቸዋል። ሥራው ከጥንት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የእጅ ሙያ ቢመስልም፣ የቆመው በአብዛኛው በ19ኛው መቶ ዘመን በተገነባ የጋራ የልኬት ዕውቀት ላይ ነው።

ከዚያ በፊት የሳሙና ሠሪው ዋና ችግር የሶዳውን ጉልበት አለማወቁ ነበር። ሶዳ የሚገኘው ከተቃጠለ ተክል አመድ ነው፤ ከስፔን የሚመጣው የባሪላ አመድ ብርቱ ሲሆን፣ ከስኮትላንድ የባሕር አረም የሚወጣው እጅግ ደካማ ነበር። ገዢው የአመዱን ክብደት እንጂ በውስጡ ያለውን ሶዳ መመዘን አይችልም። በየቤቱ የአመድ ውሃ መድረሱ የሚታወቀው እንቁላል ሲያንሳፍፍ ነበር። ፋብሪካዎች ደግሞ ሶዳውን አትርፈው በመጨመር ለቀናት ያፈሉታል፤ ከዚያም ሳሙናውን በጨው ለይተው ትርፉን ያጥባሉ። ይህ ትላልቅ ጋኖች፣ ብዙ ማገዶና የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል። የልኬት ጉድለት በካፒታል ይሸፈን ነበር ማለት ነው።

መንግሥትም ቢሆን ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1688 (ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ባወጣው ድንጋጌ ሳሙና ከንጹሕ የወይራ ዘይት ብቻ እንዲሠራ አዘዘ፤ ስብም ሆነ ቅቤ የቀላቀለ ምርቱ ይወረስበታል። ውጤቱን መለካት ያልቻለ መንግሥት ግብዓቱን ደነገገ። ድንጋጌው የማርሴይን ሳሙና ስም ቢጠብቅም፣ ለሌላ ዘይት በሩን ዘጋ። ማርሴይ ራሷ በ19ኛው መቶ ዘመን በዘንባባ፣ በኦቾሎኒና በሰሊጥ ዘይት መሥራት ጀምራለች።

የመጀመሪያው ለውጥ የመጣው ከተራ ጨው ነው። ሐኪሙ ኒኮላ ለብላን ከጨው ሶዳ የሚወጣበትን ዘዴ አግኝቶ በ1791 የባለቤትነት መብት ተቀበለ፤ በኦርሌያኑ መስፍን ገንዘብም ሴን ደኒ ላይ ፋብሪካ ከፈተ። መስፍኑ በ1793 በአብዮቱ ሲገደል ፋብሪካው ተወረሰ፤ በተከታዩ ዓመት መንግሥት ምስጢሩን ለሕዝብ አሳተመው። ፋብሪካው ኋላ ቢመለስለትም ማንቀሳቀሻ ገንዘብ ያጣው ለብላን በ1806 ራሱን አጠፋ። ዕውቀቱ የሁሉም ሆነ፤ ዋጋውን የከፈለው ግን አንድ ሰው ነበር።

በዚያው በ1806 ፈረንሳዊው ኬሚስት ዴክሯዚ የሶዳን ጉልበት በአሲድ የሚለካበትን መሣሪያ ለሕዝብ አስተዋወቀ። ሚሼል ኤዠን ሸቭረል በ1823 ባሳተመው መጽሐፍ ስብ ከአሲዶችና ከግሊሰሪን የተዋቀረ መሆኑን አሳየ። በ1879 ደግሞ ኮትስቶርፈር አንድ ግራም ስብ ወደ ሳሙና ለመለወጥ ስንት ሚሊግራም ፖታሽ እንደሚፈጅ የሚለካበትን ዘዴ አቀረበ። ዛሬ በየሰንጠረዡ የምናየው ቁጥር ከዚህ ዘዴ የመጣ ነው። በ1890ዎቹ ከጨው ውሃ በኤሌክትሪክ ኃይል ንጹሕ ኮስቲክ ሶዳ ማምረት ሲጀመር ቀሪው ክፍተት ጠበበ።

የሕግም አካሄድ አብሮ ተለወጠ። የለብላን ፋብሪካዎች የሚለቁት የአሲድ ጋዝ የእንግሊዝን እርሻ ሲያበላሽ፣ የ1863ቱ ሕግ ፋብሪካዎቹ ከጋዙ 95 በመቶውን አምቀው እንዲያስቀሩ አዘዘ፤ እንዴት እንደሚያስቀሩት ግን ለራሳቸው ተወው። በ1688 ግብዓትን የሚያዝ፣ በ1863 ውጤትን የሚለካ ሕግ ወጣ። በሁለቱ መካከል የተለወጠው የመለካት ችሎታ ነው።

ያለ እሳት የሚሠራው ሳሙና የዚህ ሁሉ ወራሽ ነው። በዚህ ዘዴ ትርፍ ሶዳን የሚያስወግድ እጥበት ስለሌለ ስህተቱ እሳሙናው ውስጥ ይቀራል። ስህተቱም ሁለት ዓይነት ዋጋ አለው፤ ትርፍ ዘይት ሳሙናውን ቢያለሰልስ ነው፤ ትርፍ ሶዳ ግን ቆዳ ያቃጥላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠሪ ከሚበቃው ሶዳ 5 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ለ1,000 ግራም የወይራ ዘይት 128 ግራም ይሆናል ማለት ነው።

ውሃው ግን የተለየ ጉዳይ ነው። የሳሙናውን የሶዳ ሒሳብ አይለውጥም፤ የሚለውጠው ጊዜውን ነው። ለ1 እጅ ሶዳ 2 እጅ ውሃ የተለመደ መነሻ ነው፤ በምሳሌያችን 256 ግራም። ከዚህ ሲቀነስ ሳሙናው ቶሎ ይጠጥራል፣ ቶሎም ይደርቃል፤ ሲጨመር ለመቀላቀልና በቅርጽ ለማፍሰስ ፋታ ይሰጣል፤ መድረቁ ግን ይዘገያል። ቀስ ብሎ ለሚጠጥረው የወይራ ዘይት ውሃውን መቀነስ ይመረጣል፤ ሆኖም ሶዳው በሚገባ እንዲሟሟ ውሃው ከሶዳው ክብደት ማነስ የለበትም።

ሶዳው ከተፈጥሮ ሕግ የሚመነጭ ልክ ሲሆን፣ ውሃው ለሠሪው ፍላጎት የተተወ ምርጫ ነው። የመጀመሪያው በአደባባይ ስለታወቀ ሁለተኛው ነጻ ሆነ። አነስተኛ አምራቾችን አበረታታለሁ የሚል መንግሥት ከዚህ የሚወስደው ትምህርት አለ። ብድርና ሥልጠና የየራሳቸው ጥቅም አላቸው፤ ነገር ግን የታመነ ሚዛን፣ የሚደርሱበት የመመርመሪያ ላቦራቶሪና በነጻ የታተመ ቁጥር በሌለበት፣ ጥራትን ማረጋገጥ የሚችለው ትልቅ ጋንና ብዙ ማገዶ ያለው ብቻ ነው።