ማዕዱና ሸክላው፤ የአዲስ አበባ የመብል ቤቶች ታሪክ ከጉለሌ በኩል ሲታይ

መግቢያ

ስለ አዲስ አበባ የመብል ቤቶች የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከአራዳ ነው። ይኸውም ከእቴጌ ሆቴል ተነሥቶ፣ በፒያሳ ቡና ቤቶች በኩል አልፎ፣ ዛሬ በቦሌ በኩል እስከሚታዩት ታላላቅ ሬስቶራንቶች ድረስ ይወርዳል። በዚህ አተራረክ ዋናዎቹ ባለታሪኮች የቤቱ ባለቤትና ተመጋቢው ናቸው። ወጡ የተሠራበት ድስት፣ እንጀራው የተጋገረበት ምጣድ ከየት እንደ መጣና ማገዶውን ማን ተሸክሞ እንዳወረደው የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው።

እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ያንኑ ታሪክ ከሰሜን በኩል፣ ማለት ከጉለሌ፣ ለማየት አስበናል። ጉለሌ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኝ ሲሆን ከስድስት ኪሎ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ሽሮ ሜዳም ሆነ ቀጨኔ ሩቅ አይደለም። በሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች፣ በቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ሲኖሩ፣ ከተራራው በሚወርደው መንገድ ላይ ደግሞ የባሕር ዛፍ ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ወገባቸውን አጉብጠው ሲመጡ ማየት ለሰፈሩ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ልናስረዳ የምንወደውም ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ የከተማው መብል ቤት በየዘመኑ ሲለዋወጥ የሸክላውን ዓይነት ለውጦታል፤ የሸክላ ሠሪዋን ክብር ግን በዚያው ልክ አልለወጠውም።

1. ሳይከፈል የሚበላበት ዘመን

አዲስ አበባ በ1879 ዓ. ም. ስትቆረቆር ቤተ መንግሥቱ ገና በእንጦጦ ነበር። በ1880 ዓ. ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ በእቴጌ ጣይቱ አዘጋጅነት ታላቅ ግብር ተደረገ፤ በ1882 ዓ. ም. ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክ የንግሥ በዓል የተፈጸመው በዚያው በእንጦጦ ማርያም ነው። እንግዲህ የከተማው የመጀመሪያ ታላቅ ማዕድ የተዘረጋው ዛሬ ጉለሌ በምንለው ምድር አናት ላይ ነበር ማለት እንችላለን።

ስለ ግብር ስንናገር ቃሉን ራሱን መመልከት ይገባናል። በአማርኛ «ግብር» ማለት ገበሬው ለመንግሥት የሚያገባው ነው፤ ዳግመኛም «ግብር» ማለት ንጉሡ ወይም መኰንኑ ለሰው የሚያበላው ነው። ከገበሬው ጐተራ የወጣው እህልና ማር በአዳራሹ ውስጥ እንጀራና ጠጅ ሆኖ ይመለሳል። ተጋባዡ ገንዘብ አይከፍልም፤ ነገር ግን ያበላው ጌታ ነው፣ የበላውም ሎሌ ነው። መኳንንቱ እንደየማዕርጋቸው በቅድሚያ ይቀመጣሉ፤ ሠራዊቱም በተራ በተራ እየገባ ይበላል። ስለዚህ ማዕዱ ሰውን የሚያጠግብ ብቻ ሳይሆን የሰውን ደረጃ የሚያሳይ ነበር።

ከቤተ መንግሥት ውጭም ቢሆን ልማዱ ከዚህ አይርቅም። የመሸበት መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ያድራል፤ ቤት ያፈራውም ይቀርብለታል። እንጀራን በገንዘብ መሸጥ እንደ ንፉግነት ይታይ ነበር፤ በአደባባይ እየታዩ መብላትም ነውር ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል ግን ከማዕዱ የራቁ ሰዎች ነበሩ። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸማኔውም «ጠይብ» ወይም «ቡዳ» እየተባለ ይሰደብ ነበር፤ ዓይኑ በምግብ ላይ ያርፋል ተብሎም ይፈራ ነበር። የሚያስገርመው ነገር ይህ ነው፤ አብሮ ለመብላት የሚጸየፋት ሰው ሁሉ የበላው ከእርሷ ድስት፣ የጠጣውም ከእርሷ ጋን የተቀዳውን ነው።

2. የ1900 ዓ. ም. ሁለት ትምህርቶች

በ1900 ዓ. ም. ገደማ በአራዳ የእቴጌ ሆቴል ተከፈተ። በአውሮፓ ሬስቶራንት የሚባለው ቤት ከዚህ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ በፓሪስ የታወቀ ስለ ነበረ፣ ለውጭ አገር እንግዶች ነገሩ አዲስ አልነበረም። ለእኛ ሰው ግን ብር አውጥቶ ከማያውቀው ሰው ቤት መብላት ከባድ ነገር ነበር። እንደሚነገረው ሆቴሉ ተመጋቢ ባጣ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄዱ፤ በልተውም ሒሳቡን ከፈሉ። ንጉሥ የሠራውን ሥራ ሌላው ሊንቀው አይችልምና ከዚያ በኋላ መኳንንቱ መለማመድ ጀመሩ።

በዚያው በ1900 ዓ. ም. ምኒልክ አንድ አዋጅ አወጡ። ፍሬ ነገሩ ባለሙያን በሥራው ምክንያት መስደብ ክልክል መሆኑን፣ ሠራተኛውን የሰደበ ንጉሡን እንደ ሰደበ የሚቈጠር መሆኑንና የሰደበውም በእስራት የሚቀጣ መሆኑን የሚገልጽ ነው። የሰው ልጅ ሁሉ ከአንድ አባትና እናት የመጣ ስለ ሆነ በሙያ መናናቅ እንደማይገባም ያስረዳል።

እነዚህን ሁለት ነገሮች ጐን ለጐን አድርገን ብንመለከት አንድ ትልቅ ነገር እናገኛለን። ምኒልክ በአንድ ወቅት ለከተማው ሕዝብ ሁለት ትምህርቶችን አስተምረዋል፤ አንደኛው ለበሉት ምግብ መክፈል ነውር አለመሆኑን፣ ሁለተኛው ምግቡ የሚሠራበትን ዕቃ የሚያበጀውን ሰው ማክበር እንደሚገባ ነው። የመጀመሪያውን ትምህርት አዲስ አበባ ፈጥና ተማረች። ሁለተኛውን ግን ከመቶ ዓመት በኋላም ጨርሳ አልተማረችውም።

3. ማገዶ፣ ጋንና ብርሌ

የከተማው እሳት ከየት ይገኝ ነበር ብንል መልሱ እንደገና ወደ ጉለሌ ይመልሰናል። በእንጦጦ ዙሪያ የነበረው የአገር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ተቈርጦ ባለቀ ጊዜ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ከተማዋን በስፍራዋ ያጸናት ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ተራራው በባሕር ዛፍ ከተሸፈነ ወዲህ ጭራሮውንና ቅጠሉን እየሰበሰቡ፣ ብዙ ጊዜም ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሸክም በጀርባቸው አዝለው ቁልቁለቱን የሚወርዱት ሴቶች የከተማውን ምጣድ ሲያሞቁ ኖረዋል።

የምድር ባቡር በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ ሲገባ የውጭ ዕቃ በዛ፤ የብረት ድስት፣ የሸክላ ሳይሆን የፖርሴሊን ሳህን፣ የብርጭቆ ዕቃ መጣ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. በጠላት ወረራ ዘመን ደግሞ ጣሊያኖች ምግባቸውን ከነስሙ አስገቡ። ፓስታ፣ ፉርኖ፣ ማኪያቶ የሚሉት ቃላት ዛሬ የአማርኛ ያህል ሆነዋል። ወራሪው ቢባረርም የወጥ ቤት ልማዱ ግን ቀርቶ፣ ከነጻነት በኋላ በፒያሳ የተከፈቱት ኬክ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ለብዙ ዘመን የከተማው ሥልጣኔ መለኪያ ሆነው ቈዩ። ከዚያም «ሆቴል» የሚለው ስም መኝታ ለሌለው ትንሽ ምግብ ቤት ሁሉ ተሰጠ።

ሆኖም ብዙው ሕዝብ የሚበላውና የሚጠጣው በኬክ ቤት አልነበረም። ጠላ ቤቱና ጠጅ ቤቱ ነበሩ የእርሱ ስፍራ። የእነዚህም ቤቶች ባለቤቶች አብዛኛዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ ባል የሞተባት፣ የፈታች ወይም ከገጠር ብቻዋን የመጣች ሴት መተዳደሪያ የምታገኘው ጋን አጥባና አጥና ጌሾ በመጠንሰስ ነበር። ጠጁ የሚቀርበው በብርሌ ነው፤ የሚጣለው ግን በቀጨኔ ጋን ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን ከቀጨኔ ይፈለግ የነበረው ዕቃ ትልልቁ ነበር፤ ጋን፣ እንስራ፣ ገንቦ፣ ምጣድ።

4. ትልቁ ሸክላ ትንሽ ሲሆን

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የመብል ቤቱ ኑሮ ተዳከመ። በሐምሌ 1967 ዓ. ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ የሰዓት እላፊውም ሰውን በጊዜ ወደ ቤቱ ሰበሰበው። ለሸክላ ሠሪዋ ግን ከዚህ ሁሉ የበለጠ ጠላት የሆነባት ጸጥ ብሎ የመጣው ፕላስቲክ ነው። የቧንቧ ውሃ በየሰፈሩ ሲገባ፣ ጀሪካንም ሲረክስ እንስራ ተረሳ፤ በጋን ፈንታ የፕላስቲክ በርሜል ገባ። አሉሚኒየም ድስትም ቀላልና የማይሰበር ስለ ሆነ በየማጀቱ ስፍራውን ያዘ።

ሸክላውን ከመጥፋት ያዳነው እንደገና መብል ቤቱ ነው። ከ1983 ዓ. ም. ወዲህ በከተማው «የባህል ምግብ ቤት» የሚባለው በዛ፤ ለእንግዳ የአገሩን መልክ ለማሳየት ሸክላ የግድ ሆነ። ሽሮ ተጋቢኖ እየተንፈቀፈቀ በትንሽ ድስት ይቀርባል፤ ጥብሱ ከሰል በተጫረበት የሸክላ ምድጃ ላይ እየተንጫጫ ይመጣል፤ በየመንገዱ ዳርም ጀበናቸውን ደርድረው ቡና የሚሸጡ ሴቶች በዙ። ቀድሞ በማጀት ተደብቆ የነበረው ሸክላ አሁን ወደ ገበታው ወጣ። ስለዚህ በቀጨኔ የሚሠራው ዕቃ ተለወጠ፤ ጋኑ ቀርቶ ድስቲቱ፣ እንስራው ቀርቶ ጀበናው ገበያ አገኘ። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳ ሰው እንደሚመስለው ከሸክላ የተለየ አይደለም፤ ሽቦው የሚቀበረው ከሸክላ በተሠራ ገበታ ሥር ነውና።

5. በቀጨኔ ያየነው

ይህን ለማረጋገጥ አንድ ቅዳሜ ከስድስት ኪሎ ተነሥተን ወደ ቀጨኔ ሄድን። ሥራው የሚሠራው በሴቶች እጅ ነው። አፈሩ ደርቆ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ከዚያም በውሃ ተለውሶ ይታሻል። መንኰራኵር የለም፤ ጭቃው በእጅ እየተሳበ ይነሣል፣ በለስላሳ ድንጋይ እየታሸ ይወለውላል። ደርቆ ሲያበቃ በሜዳ ላይ በጭራሮና በባሕር ዛፍ ቅጠል ይተኰሳል። በእሳቱ ውስጥ የተሰነጠቀው ሁሉ የሠሪዋ ኪሳራ ነው፤ ደኅና የወጣውን ነጋዴ ወስዶ አትርፎ ይሸጠዋል። ጢሱ ዓይን ያለቅሳል፤ ቀኑን ሙሉ ጐንበስ ማለቱም ወገብ ይቈርጣል።

አንዲት በዕድሜ የገፉ ሸክላ ሠሪ ተቀብለው አነጋገሩን። «እማማ፣ እርስዎ የሠሩት ድስት በምግብ ቤት ቀርቦ አይተው ያውቃሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም ሥራቸውን ሳያቋርጡ፣ «ልጆቼ፣ የእጄን ሥራ ከሩቅ ዐውቀዋለሁ፤ ከፍዬ በልቼበት ግን አላውቅም» አሉን።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ብንተወው ጽሑፋችን እውነተኛ አይሆንም። ሴትዮዋ ቡና አፍልተው ሲሰጡን ከእኛ መካከል አንዱ ሆዱን እንዳመመው ተናግሮ ስኒውን መለሰ። ሌሎቻችንም ብንጠጣ እያመነታን ነበር። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ጀምሮ ስለ ሰው ልጅ እኩልነት የተማርን፣ የተፈተንንበትና ያለፍንበት ሰዎች ነን፤ ልጅ ሳለን የሰማነው ወሬ ግን ከትምህርቱ በታች ተቀብሮ ቈይቶ በአንዲት ስኒ ቡና ፊት ብቅ አለ። ከሰዓት በኋላ ያው ጓደኛችን በስድስት ኪሎ አጠገብ ባለ ሽሮ ቤት ከድስቲቱ ሥር የቀረውን በእንጀራ እየጠረገ ሲበላ ሁላችንም ተያየን፤ ማንም ምንም አልተናገረም።

ማጠቃለያ

በመስከረም 2013 ዓ. ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት መብል ቤት እንደገና ወደ ተራራው ወጣ። እቴጌ ጣይቱ ያለ ክፍያ ባበሉበት አናት ላይ ዛሬ ሰው ከፍሎ ይበላል። በ2016 ዓ. ም. ደግሞ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ከአራዳ የሚጀምረው የመብል ቤቶች ታሪክም ከምስክሮቹ ብዙዎቹን አጥቷል። የፈረሰውን ቤት የሚያስታውስ ሰው ብዙ ነው፤ ይህም ደግ ነው። ነገር ግን ያልፈረሰውን፣ ገና በእጅ እየተሠራ ያለውን የሚመዘግብ ሰው ይጠፋል።

አባቶቻችን «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። ከግብር አዳራሽ ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ጠጅ ቤት፣ ከጠጅ ቤት ወደ ባህል ምግብ ቤት ብዙ ጉልቻ ተለዋውጧል። በየዘመኑ ሊለወጥ ይገባው የነበረው ግን ሌላ ነበር፤ እርሱም ሠሪዋ በማዕዱ ላይ ያላት ስፍራ ነው።

ከውጭ አገር የመጣውን ሳህን ገልብጦ ያየ ሰው የፋብሪካውን ስም ታትሞ ያገኛል። የቀጨኔን ድስት ብንገለብጥ ግን የምናገኘው ጥቀርሻ ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ በየዕቃው ሥር ምልክታቸውን ቢያኖሩ፣ ምግብ ቤቶችም ያንን ምልክት ለእንግዶቻቸው ቢያስታውቁ፤ ሁለተኛ፣ ምግብ ቤቶች ያለ ደላላ በቀጥታ ከሠሪዎቹ ቢገዙ፤ ሦስተኛ፣ በዩኒቨርሲቲው ያለን ተማሪዎች፣ ሙያው ከባለሙያዎቹ ጋር ከማለፉ በፊት፣ የሥራውን ቃላትና ዘዴ ከአንደበታቸው ብንጽፍ። ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ቀጨኔ ከመማሪያ ክፍላችን የግማሽ ሰዓት መንገድ ያህል ነው። ስንሄድም የሚሰጡንን ቡና ጠጥተን እንመለስ።