የድንጋዩ ላይ የመጀመሪያ ቀን፦ በጋልቬስተን ጄቲ ዓሣ ለማጥመድ ለሚሄዱ

ብዙዎቻችን ዓሣን የምናውቀው በሐዋሳ ወይም በባሕር ዳር ተጠብሶ ሲቀርብልን ነው። ባሕርን ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው ከአውሮፕላን መስኮት ነው። ስለዚህ ሂዩስተን የሚኖር ወዳጃችን «ቅዳሜ ጋልቬስተን ወርደን ዓሣ እናጥምድ» ሲለን ዘንግና መንጠቆ ከመያዝ በቀር ሌላ ዝግጅት ያለ አይመስለንም። እኔም እንደዚያ አስቤ ሄጄ በመጀመሪያው ቀን አሥራ ሁለት መንጠቆ ለድንጋዩ ገብሬ፣ አንድም ዓሣ ሳልይዝ ተመልሻለሁ። ከዚያም የባሰ ሊደርስብኝ ነበር፤ እሱን ከታች እመለስበታለሁ። ይህ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ያን ቀን ለማቅለል የተዘጋጀ ነው።

ጄቲ ምንድን ነው?

ጄቲ ከወደብ መግቢያ ግራና ቀኝ ወደ ባሕር የተዘረጋ የድንጋይ ግድብ ነው። ጋልቬስተን ላይ ሁለት አሉ። የደቡቡ ከጋልቬስተን ደሴት ምሥራቃዊ ጫፍ ተነሥቶ ወደ 11 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ የሰሜኑ ከቦሊቫር ልሳነ ምድር ተነሥቶ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ወደ ቦሊቫር የሚያሻግረው የመኪና ጀልባ በነጻ ነው። ሁለቱም የተሠሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ለትልልቅ መርከቦች ጥልቅ መግቢያ ለማበጀት ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ወደ ወሽመጡ የሚገባውና የሚወጣው ውኃ ብዙ ነው። መተላለፊያው ሲጠብ ያው ውኃ በፍጥነት መሄድ ግድ ይሆንበታል፤ የፈጠነ ውኃ ደግሞ አሸዋውን ጠርጎ ይወስዳል። ግድቡ መግቢያው በደለል እንዳይሞላ ያግዛል ማለት ነው።

ዓሣ አጥማጁን የሚጠቅመውም ይኸው ፍሰት ነው። ከወሽመጡ የሚወጣው ውኃ ሽሪምፕና ትንንሽ ዓሣ ተሸክሞ ይመጣል። በድንጋዮቹ መካከል ሸርጣን ይራባል። ትልልቆቹ ዓሦች ውኃው ድንጋይ መትቶ በሚዞርበት ጸጥ ያለ ጥግ ቆመው፣ ፍሰቱ የሚያመጣላቸውን ይጠብቃሉ። በሌላው ጊዜ ባዶ በሆነው የአሸዋ ዳርቻ ከመበተን ይልቅ እዚህ መሰብሰባቸው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ በሰላም መመለስ

«ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ አባቶቻችን። ጄቲው ላይ ይህ ተረት ሳይሆን መመሪያ ነው።

በመጀመሪያው ቀኔ መንጠቆዬ ከድንጋይ ተያዘ። በዚያው ቅጽበት ውኃው ከድንጋዩ ሥር ሸሸ። «ጎደለልኝ» ብዬ ላላቅቀው ወደ ታች ወረድኩ። አጠገቤ ያጠምዱ የነበሩ አንድ ቬትናማዊ ሽማግሌ ጮኹ፤ ቋንቋቸውን ባልረዳም እጃቸው ወደ ላይ እያመለከተ ነበር። ከወጣሁ በኋላ ውኃው ተመልሶ የቆምኩበትን ድንጋይ በሙሉ ሸፈነው፤ የዕቃ ሣጥኔንም ይዞት ሄደ። ነገሩ ኋላ ገባኝ። በመተላለፊያው ትልቅ መርከብ ሲያልፍ ውኃውን መጀመሪያ ወደ ራሱ ይስባል፤ ቀጥሎ ማዕበሉ ይመጣል። መርከቡ ካለፈ በኋላም ማዕበሉ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ መርከብ ሲያዩ ዕቃዎን ይሰብስቡ፤ ውኃው ከሸሸ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሂዱ።

ሌሎቹ ጥንቃቄዎች እነሆ፦

– ጥቁር ወይም አረንጓዴ የሆነ እርጥብ ድንጋይ አይርገጡ፤ በልጋጋም አልጌ የተሸፈነ ነው። ነጣ ያለና ደረቅ ድንጋይ ብቻ ይምረጡ።
– ነጠላ ጫማ አይሆንም። ሶሉ የሚይዝ፣ ቁርጭምጭሚት የሚደግፍ ጫማ ያድርጉ።
– የመንሳፈፊያ ጃኬት ይልበሱ። ዋና የማይችሉ ብቻ ሳይሆን የሚችሉም፤ ከድንጋይ ላይ የወደቀ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል።
– ብቻዎን አይሂዱ። ጀርባዎን ለባሕሩ አይስጡ።
– የሙላቱን ሰዓት ቀድመው ይወቁ። በጋልቬስተን ሙላቱ በራሱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ ውኃውን ከተተነበየው በላይ ያደርሰዋል። ሲሄዱ ደረቅ የነበረ ዝቅተኛ ቦታ ሲመለሱ ውኃ ሊሆን ይችላል።
– ነጎድጓድ ከሰሙ ዘንግዎን አጥፈው ወዲያው ይውጡ።

ዕቃው

ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ከ7 እስከ 8 ጫማ የሆነ መካከለኛ ዘንግ፣ ጨው የሚችል ሪል፣ ከ20 እስከ 30 ፓውንድ የሚሸከም ክር ይበቃል። ክሩ ድንጋይ ሲነካ ስለሚበጠስ ከጫፉ ላይ ወፈር ያለ መሪ ክር ይቀጥሉ። መንጠቆ በርከት አድርገው ይያዙ። አብዛኛው ጀማሪ የሚረሳው እጀታው ረጅም የሆነ መረብ ነው፤ ዓሣውን በክር ብቻ ወደ ድንጋዩ ለማንሣት ሲሞክሩ ክሩ ይበጠሳል፣ ወይም ራስዎ ወደ ታች ለመውረድ ይገደዳሉ።

አጣጣሉ

የጀማሪ ስሕተት አቅም በፈቀደ መጠን አርቆ መወርወር ነው። ዓሣው ግን ብዙ ጊዜ እግርዎ ሥር ነው። ከድንጋዩ ጥቂት ሜትር ርቆ ከፍሰቱ ጋር እንዲንሳፈፍ ያድርጉት።

ለመጀመሪያ ቀን የሚሻለው ቡሽ ነው። ከቡሹ በታች ከአንድ ሜትር እስከ ሁለት ሜትር ክር፣ ትንሽ እርሳስና መንጠቆ ላይ ሕይወት ያለው ሽሪምፕ። ማባበያው ከድንጋዩ በላይ ስለሚንሳፈፍ አይያዝም። ቡሹ ሲሰምጥ ክሩን ወጥረው ዘንግዎን ያንሡ። ከታች ለማጥመድ ከፈለጉ ደግሞ እርሳሱን ከዋናው ክር በቀጠነ ክር ይሰሩት፤ ድንጋይ ሲይዘው እርሳሱ ብቻ ይበጠስና ዓሣውና መንጠቆው ይተርፋሉ። ክብ መንጠቆ ከተጠቀሙ በኃይል አይንጠቁ፤ በቀስታ ሲጠቀልሉ ራሱ ይይዛል።

ከመወርወርዎ በፊት «ዓሣ ብይዝ በየት አወጣዋለሁ?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። መልስ ከሌለዎት ቦታ ይቀይሩ። ግማሽ ሰዓት ምንም ካልነካም ጥቂት እርምጃ ይሂዱ፤ ጄቲው ረጅም ነው።

በየወቅቱ

ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት ሺፕስሄድ የተባለው ባለ ጥቁርና ነጭ መስመር ዓሣ ድንጋዩ ጥግ ይሰበሰባል። ጥርሱ የሰው ይመስላል፤ ሸርጣንና ዛጎል ይሰብራል። ማባበያውን በቀስታ ይነጥቃልና ትንሽ ጠንካራ መንጠቆና ንቁ እጅ ይፈልጋል። ሥጋው ነጭና ጣፋጭ ነው። በሞቃቱ ወራት ነጠብጣቡ ትራውት በማለዳ ይገኛል። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር ደግሞ ጅራቱ ሥር ጥቁር ነጥብ ያለው ትልቁ ሬድ ድራም ይመጣል፤ ለትግሉ ሲባል የሚፈለግ ነው።

ሕጉ

በቴክሳስ ዕድሜው 17 የሞላ ሰው የጨው ውኃን የሚያካትት የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ለእንግዳ የአንድ ቀን ፈቃድ አለ። ሬድ ድራም ከ20 እስከ 28 ኢንች (ከ51 እስከ 71 ሳንቲ ሜትር ገደማ) ከሆነ ለአንድ ሰው በቀን 3 ብቻ ይፈቀዳል። ሺፕስሄድ ከ15 ኢንች ማነስ የለበትም፤ ፍላውንደር ደግሞ ከኅዳር 1 እስከ ታኅሣሥ 14 (እ.ኤ.አ.) መያዝ አይፈቀድም። ሕጉ ይሻሻላልና ከመሄድዎ በፊት የቴክሳስ ፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ያወጣውን ያንብቡ፤ መለኪያም ይያዙ። «አላወቅሁም» ማለት ከቅጣት አያድንም።

እሾህና ቁስል

በጣም የሚያሰለቸው የሚያዘው ሃርድሄድ የተባለው ባለ ጢም ዓሣ ነው፤ የኛን አምባዛ ይመስላል። በጀርባውና በጎኖቹ ያለው እሾህ መርዝ አለው፤ በእጅ አይያዙት፣ በጫማም አይግፉት፤ በፒንሳ መንጠቆውን አላቅቀው ይልቀቁት። ከወጋዎ ቁስሉን አጥበው ሳያቃጥል የሚቻል ሙቅ ውኃ ውስጥ ይንከሩት፤ ሕመሙን ያበርደዋል። ቅርፊትና ክንፍ የሌለውን ዓሣ የማይበሉ ምእመናንም ይህንንና ሻርክን እንዲለዩ ይጠቅማቸዋል፤ ከላይ የጠቀስናቸው ሺፕስሄድ፣ ትራውትና ሬድ ድራም ግን ቅርፊት አላቸው።

ድንጋዩ ላይ የተጣበቀው ዛጎል እንደ ምላጭ ይቆርጣል። በሙቅ ወራት የባሕር ውኃ ቪብሪዮ የተባለ ባክቴሪያ ሊኖርበት ስለሚችል ትንሽ ቁስልም በንጹሕ ውኃና ሳሙና ወዲያው ይታጠብ። በተለይ የጉበት በሽታ ወይም ስኳር ያለበት ሰው ቁስል ይዞ ወደ ውኃው አይጠጋ። ቁስሉ በፍጥነት ቢቀላ፣ ቢያብጥ ወይም ትኩሳት ቢመጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ ቁስሉ የባሕር ውኃ እንደነካውም ይናገሩ።

በመጨረሻ

በረዶ የሞላ ሣጥን ይዘው ይሂዱ፤ ዓሣውን ከያዙት ጊዜ ጀምሮ ካቀዘቀዙት ማታ ለሚጠበሰው ዓሣ ጣዕሙ ይለያል። የተበጠሰ ክርና ፕላስቲክ ድንጋዩ ላይ አይተዉ፤ ወፍና ኤሊ ይጠልፋል። አጠገብዎ የሚያጠምዱ አዛውንት ቢያገኙም ሰላምታ ይስጡ፤ የቋንቋ ችግር ቢኖርም ድንጋዩን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። እኔም ዛሬ ይህን ለመጻፍ የበቃሁት ያን ቀን አንድ የማላውቃቸው ሰው ስለጮኹልኝ ነው።

መልካም አጠማመድ፤ በሰላም ይመለሱ።