ግድብ፣ ነፋስና አቶም፦ የኤሌክትሪክ ኃይላችን ታሪክ ምን ያስተምረናል?



ኢትዮጵያና ሩሲያ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ የኑክሌር ኃይል ማመንጫን የሚመለከት የትብብር ሰነድ ከተፈራረሙ ወዲህ፣ «ግድብ እያለን ኑክሌር ለምን?» የሚለው ጥያቄ ተደጋግሞ ይነሣል። መልሱን ከታሪካችን እንፈልግ።

በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ማመንጫ አቅሙ 43 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ ፊንጫ፣ መልካ ዋከና፣ ተከዜ፣ የጊቤ ግድቦችና ጣና በለስ ተከተሉ፤ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። አቅማችን አደገ፤ ከዝናብ ጥገኝነት ግን አልወጣንም። በ2001 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ በፈረቃ ታደለ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ውኃ በመጉደሉ ፈረቃው ተመለሰ። በዚያን ጊዜ የከተማችን ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

የአዳማና የአሸጎዳ የነፋስ ማመንጫዎች የተገነቡት ይህን ጥገኝነት ለመቀነስም ጭምር ነው፤ ወንዝ በሚጎድልበት በበጋ ነፋሱ ይበረታልና። ይሁን እንጂ ነፋስ በሰዓታት ውስጥ ይለዋወጣል።

ፈረንሳይ ይህን መሰል መዋዠቅ የምትቋቋመው በከፊል የኑክሌር ማመንጫዎቿን እንደ ፍላጎቱ ከፍና ዝቅ በማድረግ ነው። ኒውትሮን የሚውጡ ዘንጎች ወደ ማብላያው ሲገቡ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ሲወጡ ይጨምራል። ነገር ግን የኑክሌር ወጪ በአመዛኙ የግንባታ ወጪ ስለሆነ፣ ምርቱን መቀነስ ብዙም ወጪ አያድንም።

እኛ ዘንድ ግን የዕለት መዋዠቁን ውኃው ራሱ ሊሸከመው ይችላል፤ የግድብ ተርባይን በደቂቃዎች ውስጥ ይታዘዛልና። ስለዚህ የእኛ ተለዋዋጭነት የወቅት እንጂ የሰዓት ሊሆን አይገባም ባይ ነኝ። ማብላያው በበጋ በሙሉ አቅሙ ሠርቶ የግድቦቹን ውኃ ይቆጥባል፤ ነዳጅ ለመቀየርና ለጥገና የሚቆመው ደግሞ ግድቦቹ በሚሞሉበት በክረምቱ መጨረሻ ይሆናል።

ይህ ግን ያለ ቅድመ ሁኔታ አይሳካም። አንድ ማመንጫ ድንገት ቢቆም መላው መስመር እንዳይወድቅ፣ የአንዱ ድርሻ ከጠቅላላው ከአሥር በመቶ ገደማ እንዳይበልጥ ይመከራል። ቦታ ሲመረጥም፣ እኛ ተቀምጠንበት ያለነው ስምጥ ሸለቆ የመሬት መንቀጥቀጥ ቀጠና መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ከቆቃ እስከ ሕዳሴ «ስንት ሜጋ ዋት?» ብለን ጠይቀናል። ሁለቱ የፈረቃ ዘመናት ያስተማሩን ግን «በየትኛው ወር?» ብለን እንድንጠይቅም ነው።