የጭነት መኪና የአየር ፊልትሮ

የአየር ፊልትሮ (የአየር ማጣሪያ) ወደ ሞተር የሚገባውን አየር ከአቧራ፣ ከአሸዋና ከጥላሸት የሚያጠራ የተሽከርካሪ ክፍል ነው። አንድ ሊትር ናፍታ ሙሉ በሙሉ ለማቃጠል ቢያንስ 10 ሺህ ሊትር ያህል አየር ያስፈልጋል፤ የናፍታ ሞተር በተለምዶ ከዚህም አብልጦ ይስባል። ስለዚህ አቧራማ መንገድ ላይ የሚሠራ ከባድ መኪና ዕድሜው በዚህ ርካሽ ዕቃ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የአቧራ ጉዳት

አቧራ በአብዛኛው የኳርትዝ ብናኝ ይዟል። ኳርትዝ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ ስለሚገኝ ብረት መፋቅ ይችላል። በጣም ጎጂ የሆነው ዓይን የማያየው፣ ከ5 እስከ 20 ማይክሮን የሚደርሰው ብናኝ ነው፤ በፒስተን ቀለበትና በሲሊንደር መካከል ካለው ስስ የዘይት ሽፋን ገብቶ ሁለቱንም ይበላል። ውጤቱ የጉልበት መቀነስ፣ ዘይት መጉደልና ሰማያዊ ጭስ ነው። የቱርቦው ምላጭም በብናኙ ይሸረሸራል።

ዓይነቶች

በቀድሞ መኪናዎች የተለመደው አየሩን በዘይት ውስጥ አሳልፎ አቧራውን የሚያስቀር ማጣሪያ ነበር። ዛሬ የተስፋፋው የታጠፈ ወረቀት ያለው ደረቅ ፊልትሮ ሲሆን፣ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነውን ብናኝ ይይዛል። በከባድ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ሆኖ ይገጠማል፦ ዋናው የውጪው ነው፤ የውስጡ ደግሞ የውጪው ቢቀደድ ወይም በሚለወጥበት ጊዜ ሞተሩን የሚጠብቅ ነው። ለግንባታና ለካባ ሥራ በሚውሉ መኪናዎች ላይ አየሩን አሽከርክሮ ከባዱን አቧራ አስቀድሞ የሚጥል ቅድመ ማጣሪያ ይጨመራል።

አመራረጥ

ፊልትሮ ቤቱ ውስጥ መግባቱ ብቻ ትክክለኛ አያደርገውም። የሚመረጠው በመኪናው አምራች የመለዋወጫ ቁጥር ነው። የማጣራት ብቃትንና አቧራ የመያዝ አቅምን የሚለካው ዓለም አቀፍ መስፈርት አይ ኤስ ኦ 5011 ነው። ገዢው የወረቀቱ እጥፋት እኩል መራራቁን፣ ሙጫው አለመላቀቁንና የጠርዙ ጎማ ለስላሳና ያልተሰነጠቀ መሆኑን መመልከት አለበት። ጎማው በደንብ ካልገጠመ አየሩ ሳይጣራ በጎን ያልፋል፤ ያኔ የወረቀቱ ጥራት ዋጋ የለውም።

ጥገና

አዲስ ፊልትሮ ትንሽ አቧራ ከያዘ በኋላ ይበልጥ ያጣራል፤ የተያዘው አቧራ ራሱ ቀዳዳውን ያጠብባልና። ስለዚህ መቆሸሹ ብቻ ለመለወጥ ምክንያት አይሆንም። ትክክለኛው ዳኛ የአየር መታፈንን የሚያሳየው መለኪያ ነው። የብዙ ናፍታ ሞተሮች ወሰን ከ20 እስከ 25 ኢንች የውሃ ዓምድ፣ ማለትም ከ5 እስከ 6.2 ኪሎፓስካል ነው። ሳያስፈልግ በተከፈተ ቁጥር አቧራ ወደ ንጹሑ ወገን የመውደቅ ዕድል ያገኛል።

ብዙ አምራቾች የወረቀት ፊልትሮ በአየር መንፋትን አይመክሩም። የሚፈቅዱት ደግሞ ግፊቱ ከ2 ባር ገደማ እንዳይበልጥና ከውስጥ ወደ ውጭ እንዲነፋ ያዛሉ። የከባድ መኪና ጎማ የሚነፋበት ኮምፕሬሰር ከዚህ ብዙ እጥፍ ግፊት ስላለው ወረቀቱን ይበሳል። ፊልትሮን ከጎማ ወይም ከመሬት ጋር ማጋጨት ጠርዙን ያጣምማል። የተነፋ ፊልትሮ ጨለማ ቦታ ውስጡ መብራት ገብቶ ይፈተሻል፤ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ብርሃን ከታየ መጣል አለበት። የውስጠኛው ፈጽሞ አይጸዳም፤ ጊዜው ሲደርስ ይለወጣል።

ፊልትሮው ሲለወጥ ቤቱ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ከፊልትሮው እስከ ቱርቦ ያሉት የጎማ ቱቦዎችና ማሰሪያዎቻቸውም ይፈተሻሉ። በቱቦው ውስጥ የአቧራ መስመር መታየቱ ያልተጣራ አየር እየገባ ለመሆኑ ማስረጃ ነው።

በኢትዮጵያ

ከጅቡቲ ወደብ በጋላፊ በኩል የሚመጣ መኪና በአንድ ጉዞ የአፋርን ደረቅ ሜዳና የማዕከላዊውን ከፍተኛ ቦታ ያቋርጣል። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ በሚለው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ የታፈነ ፊልትሮ ሲጨመርበት ሞተሩ ዳገት ላይ ይበልጥ ይቸገራል። በመመሪያ መጽሐፍ የተጻፈው የመለወጫ ኪሎሜትር ብዙውን ጊዜ ለመደበኛ መንገድ የታሰበ ስለሆነ፣ አሸዋና ድንጋይ የሚያመላልስ መኪና ሊጠብቀው አይገባም። የመለኪያውን ንባብና የተለወጠበትን ቀን የሚመዘግብ ባለመኪና ፊልትሮውን ያለጊዜው አይጥልም፤ ሞተሩንም ለአቧራ አያጋልጥም።